ሐሙስ የሚያልቅ ቤንዚን

የሚስቴ ወንድም ሽሻይ ቤንዚን ይሰርቀኛል ብዬ የወሰንኩት ሐሙስ ዕለት ነው። ሚስቴ ኣሪያም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰሜን ክፍለ ከተማ እስከ ዓይደር ሆስፒታል ለኩላሊት እጥበት ትመላለሳለች። እኔ ቢሮ ስለምውል አሮጌዋን መኪናዬን የሚነዳላት ሽሻይ ነው። በኮታ በሳምንት የማገኘው አሥር ሊትር ብቻ ቢሆንም ድሮ ይበቃን ነበር። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ግን ሐሙስ ላይ ጭልጥ ይላል። ዓርብ ሲመጣ ጀሪካን ይዤ የማላንኳኳው በር የለም። አንድ ዓርብ ሳትሄድ ቀርታ ፊቷ እንዴት እንዳበጠ ያየሁት እኔ ነኝ።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ጠበቅሁት። ዓዲ ሓቂ ካምፓስ እየሄድክ ተማሪ ትጭንባታለህ፣ ካልሆነም በጎማ ቱቦ እየሳብክ ለባጃጅህ ትቀዳለህ ብዬ አፈጠጥኩበት። አልተከራከረኝም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንግዲህ አንተው ንዳት" ብሎ ወጣ። ዝም ማለቱን እንደ ማመን ቆጠርኩት፤ ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል ወይ?

ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ መሪውን ራሴ ያዝኩ። ጎማዎቹን አስነፋሁ፣ የአየር ማጣሪያውን አጸዳሁ፣ ከኋላ የተከመረውን ብረታ ብረት አወረድኩ። ነዳጅ የምሰጣት እንቁላል የረገጥኩ ያህል እየተጠነቀቅሁ ነው። አደባባይ ከሩቅ ሳይ እግሬን አነሳለሁ። ከኋላዬ ያሉት ሚኒባሶች በክላክስ አደነቆሩኝ፤ የራሳቸው ጉዳይ።

ረቡዕ ከዓይደር ስንመለስ መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ሐሙስን እንኳ አላየችም። ኣሪያም ደክሟት አንገቷን ደፍታለች፣ እኔ መሪውን በቡጢ እነርታለሁ።

አስጎትቼ ወደ ሰፈራችን መካኒክ ወደ ሙጂብ ወሰድኳት። ከራሱ ትንሽ ቤንዚን ጨምሮ አስነሳትና ብዙ ጠበቀ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም።

"ቴርሞስታት፣ ሙቀት መቆጣጠሪያው፣ የላትማ" አለኝ። "ሞተሩ ካልሞቀ ነዳጅ እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው። የዛሬ ሦስት ወር ከውቅሮ ስትመለስ ጋለችብኝ ብለህ ያስወለቅከኝ አንተው አይደለህ? ተው ብዬህ ነበር።"

አዎ፣ ብሎኝ ነበር። በእኛ አገር ሙቀት ይሄ ምን ያደርጋል ብዬ የሳቅሁበት እኔው ነኝ። ከራሴ በቀር የምቆጣው ሰው አጣሁ፤ ይሄ ደግሞ ይብሱን አናደደኝ።

ቤት ገብቼ ለኣሪያም ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ አልኳት፤ እኔ እንደዚያ ተጠንቅቄ ነድቼ ረቡዕ ያለቀው በሽሻይ እጅ እንዴት ሐሙስ ይደርስ ነበር?

"ከባጃጁ እየቀዳ ይጨምርባት ነበር" አለች። "ለሱ እንዳትነግሪው፣ ይጨነቃል ብሎኝ ነው። በጮህክበት ቀን ልናገር ስል በዓይኑ ከለከለኝ።"

ዓርብ እንዴት እንደምንሄድ እንኳ ሳልጠይቃት፣ ሽሻይ በባጃጁ እንደሚወስዳት ነገረችኝ።

ዓርብ ጠዋት ሽሻይ መጣ። እህቱን ደግፎ ባጃጁ ውስጥ አስገባት። በሩ ላይ ቆሜ በስሙ ጠራሁት።

"ይረፍድባታል" አለና ነዳው።