ላገኘ ሰው የሚሰጥ ከረሜላ

«መጀመሪያ ማን ነው ያገኘው?» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

ልጃቸው ሉልሰገድ ከተቀበረ ወዲህ ድንኳኑ ውስጥ በገባ ሰው ሁሉ ፊት ይህንኑ ይጠይቃሉ። መልሱ ጠፍቷቸው አይደለም። ምራታቸው ዊንታ በገዛ አፏ እንድትደግመው ነው የሚፈልጉት።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ዊንታ፣ የዘቀዘቀችውን ነጠላ ወደ ግንባሯ ስባ።

«ሰማህ አስገዶም? ባሏ ሲያጣጥር ቆማ ያየች እሷ ናት። ሐኪሙ ምን አለ? ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ይተርፍ ነበር አለ።»

የእድሩ ዳኛ አስገዶም ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ አንገቱን ደፋ። ከምኒልክ አደባባይ በኩል ባቡሩ አልፎ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ለቅሶ ቤት ዝም ማለት ደግሞ እኮ መፍረድ ነው፤ ፒያሳ ኖሮ ይህን የማያውቅ የለም። ዊንታ አጠገቧ የተቀመጠችውን የስምንት ዓመት ልጇን ጸሎትን በጎን አየቻት። ልጅቷ ዝም ብላለች። አቤት ዝምታ ስትችልበት።

ያስተማራት አባቷ ነው። ሉልሰገድ የመሬት ቀያሽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ እንጦጦ ይወጣል። ሰው ለሽርሽር ሲወጣ ምሳ ይቋጥራል፤ እሱ ሕግ ይቋጥር ነበር። ቀድሟቸው ሄዶ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ይደብቅና ቦታዋን ወደ ዊንታ ስልክ ይልካል፤ ልጆቹ ስልኩ ካርታ ላይ ያለውን ምልክት እየተከተሉ ይፈልጓታል። ጂኦካሺንግ ነው የሚባለው ብሏቸዋል። ያገኘ ሰው ከረሜላ ያገኛል። ግን መጮህ የለም፤ ሌሎቹ ራሳቸው ፈልገው እስኪደርሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ዝም ነው። የተናገረ ከረሜላውን ያጣል።

ጸሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ሣጥኗን ከባሕር ዛፍ ሥር ስታገኛት ደስታው አላስቻላትም፣ ጮኸች። ሉልሰገድ መጣ። ከረሜላውን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ ወረቀቱን ገፈፈና ዓይን ዓይኗን እያየ ራሱ በላው።

«ሕግ ሕግ ነው» አላት።

ዊንታ ያን ቀን ጠላችው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲያም አልታረቀችውም፤ አንድ ቤት ኖሩ እንጂ። ልጅቷ ግን ዳግመኛ አልጮኸችም።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሉልሰገድ ሣጥኗን ታቅፎ ራሱ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ተደበቀ። የጸሎት ታናሽ ወንድም ካላዩ ደከመኝ ብሎ እናቱን ወደ ኋላ አስቀራት፤ ጸሎት ስልኩን ይዛ ሮጠች። ዊንታ ያለ ስልክ አቅጣጫው ጠፍቷት ልጁን አዝላ ብዙ ዞረች። ስትደርስ ጸሎት እግሯን አጣጥፋ አባቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እናቷን ዝም በይ አለቻት። የሉልሰገድ ፊት አመድ መስሎ ነበር።

«ሲያቃስት ነበር» አለቻት ጸሎት በኋላ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ። «ሊያስወራኝ ፈልጎ ነው። ደረቱን ይዞ እናትሽን ጥሪ ሁሉ አለኝ። እኔ ግን አልተናገርኩም። አሸነፍኩ አይደል?»

ዊንታ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ይህ ነገር እማማ ጥሩነሽ ጆሮ ከገባ ልጅቷ አለቀላት፤ አባትሽን ገደልሽው ሳይሏት አያድሩም፣ እሷም ዕድሜ ልኳን ይዛው ትኖራለች። ምን ትበላት? አፏ ላይ የመጣላትን አለች።

«አሸንፈሻል፣ የኔ እናት። ግን ጨዋታው ገና አላለቀም። አንቺ እንዳገኘሽው ለማንም ከተነፈስሽ ከረሜላ የለም።»

ከባሏ ጋር ስትኖር የተማረችው ይህን ነው።

ዛሬ ሣልስት ነው። እማማ ጥሩነሽ «ልጄን በልብሱ ላልቅሰው» ብለው ከሆስፒታል በፌስታል የመጣውን ጃኬት አስወጡ። ከፍ አድርገው እያወዛወዙ ሙሾ ሲያወርዱ አንዲት ቀይ ከረሜላ ከኪሱ ወጥታ ሰሌኑ ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብለው አነሷት። ለቅሶው ቆመ።

«ይቺን አውቃታለሁ። ላገኘ ሰው ነው የምሰጠው ብሎኛል ራሱ።» ዙሪያውን አዩ። «ታዲያ የማን ናት?»

ጸሎት መዳፏን ዘረጋች። ያን ሁሉ ቀን ትንፍሽ ሳትል የጠበቀቻት ከረሜላ ናት። አሁንም ቃል አልወጣትም፤ እጇን ብቻ ዘረጋች።

እማማ ጥሩነሽ እጇን አዩት፣ ከዚያ ፊቷን አዩት።

«አንቺ ነሽ እንዴ ልጄን...»

«የኔ ናት» አለች ዊንታ። ከረሜላዋን ከአማቷ እጅ መነጨቀቻት። «ያገኘሁት እኔ ነኝ አላልኩዎትም? ልጅ ጣፋጭ ሲያይ እጁን ይዘረጋል።»

ወረቀቱን ገፈፈችና አፏ ውስጥ ከተተቻት።

ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። «የመቃብሩ አፈር እንኳ ሳይደርቅ» አለች ሌላዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ።

«አያችሁልኝ?» አሉ እማማ ጥሩነሽ። ስለ ልጅቷ እጅ ማንም ደግሞ አላነሣም።

ዊንታ ከረሜላዋን ሳታኝክ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ልጇን አየቻት። ጸሎት አላለቀሰችም። የተዘረጋውን መዳፏን ጥቂት አየችው፣ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፣ ተነሥታ ሄዳ አያቷ ጉያ ገባች። እማማ ጥሩነሽ የሉልሰገድን ጃኬት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።