የሶሊያና መምህር

«የልጄ አስተማሪ ናቸው» አለች እታገኘሁ።

አላምረው የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ስምንተኛን ሳይጨርስ ትምህርት የተወ ሰው ነው። የሟቿ የሶሊያና አጎት አያ ባዬ ግን ክንዱን ይዞ አስገባውና ከሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጠው።

«ለመምህሩ ቦታ ልቀቁ እንጂ!»

ምን ይበል? እናቲቱ ከነጠላዋ ሥር በዓይኗ እየለመነችው ነው። ሶሊያና ጎንደር ሆስፒታል፣ የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ አራት ወር መተኛቷን እዚህ መንደሯ ጠዳ ላይ የሚያውቅ የለም፤ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች ነው የተባለው። አላምረው ደግሞ የዚያ ክፍል የነርስ ረዳት ነው። አልጋ ያነጥፋል፣ ያጥባል፣ ያበላል፣ ሲረብሹ አቅፎ ያረጋጋል። እሱ የሚኖርበት ሰፈር «የእብድ ዘበኛ» ይለዋል።

ልጅቱ ድና ከወጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ትናንት አዘዞ መንገድ ላይ ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተች። ሬሳዋ ሆስፒታል ሲገባ አይቶ ያወቃት እሱ ነው።

«መምህር፣ ሶሊያና በትምህርቷ እንዴት ነበረች?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ሸጋ ልጅ ነበረች።»

«እርስዎስ ምኑን ነው የሚያስተምሩት?»

«ሳይንስ» አለ።

«ያስታውቃል» አለ አያ ባዬ፤ «ግንባራቸው ሰፊ ነው።»

ክፍሉ የገባች ሰሞን ሶሊያና እህል አልቀምስ ብላ ነበር። መርዝ አለበት ትላለች። ሐኪሞቹ መከሯት፣ ሲስተሯ ተቆጣቻት። አላምረው ምክርም ቁጣም አያውቅበት፤ ከትሪዋ ቆረሰና ጎረሰ።

«ዋጥኸው?» አለችው።

«ዋጥሁት።»

«አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።»

የክፍሉ ደንብ ነው፤ ኪኒን የዋጠ ሕመምተኛ ሁሉ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ ያሳያል። ልጅቱ ደንቡን ገለበጠችበት። ከፈተ፣ አነሳ። አየችና እሱ ከቆረሰበት ቆርሳ በላች። አራት ወር ሙሉ እንዲያ ነበር። እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ይህንኑ በመስኮት እያየች ታለቅስ ነበር።

ሲስተሯ መዝገቡ ላይ «ታካሚዋ ምግብ ጀምራለች» ብላ ጻፈችና የራሷን ስም አኖረች። የእሱ ስም የትም የለም። ይህን ዛሬም አልረሳውም። ያ ሆስፒታል ሲጠራው «አንተ» ነው፤ «አያ አላምረው» ያለችው ሶሊያና ብቻ ነበረች።

በቀብሩ ማግሥት ከሥራ ወጥቶ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ ድንኳኑ መጣ። «መምህሩ መጡ!» ተብሎ ሰው ተነሣለት። ደስ አለው። ደስ ማለቱ ደግሞ አንገበገበው፤ ሃምሳ ዓመት ኖሮ የተከበረው ባልሆነው ነገር ነዋ።

ከኋላው ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«እታገኘሁ ከቀብር ወዲህ እህል አልቀመሰችም።»

«ንፍሮውንም?»

«አንዲት ፍሬ! ልትከተላት ነው እንጂ።»

በሠልስቱ ጎረቤት ያመጣውን እንጀራ ፊቷ አቀረቡላት። ቄሱ ለመኗት። አያ ባዬ ጮኸባት፦ «ምነው አንቺ! የቀሩትን ሁለት ልጆች ማን ያሳድግልሽ?» ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

አላምረው ያንን ፊት ያውቀዋል። አራት ወር አይቶታል።

ከተከበረበት ወንበር ተነሣ። መምህርነቱ እዚያው እንደሚቀር ገብቶታል። ሄዶ እግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከትሪዋ ቆረሰና ራሱ ጎረሰ።



«ወይ ጉድ! የሐዘንተኛዋን?»

«ይሄ ነው መምህር የተባለው? ስድ!»

«አንተ ሰውዬ» አለ አያ ባዬ፣ «ርቦህ ከሆነ አትናገርም?» አንቱታው በአንድ ጉርሻ ጠፋ።

ሌላ ቀን ቢሆን ቃሉን በሆዱ ቋጥሮ ዓመት ይከርም ነበር። ዛሬ አኘከ፣ ዋጠ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፉን ከፈተና ምላሱን አነሳ። አንዱ ከጥግ ሳቀ።

እታገኘሁ ዞረች። አፉን እስከ ጉሮሮው ድረስ፣ ረጅም ጊዜ አየችው። እጇ ከነጠላው ውስጥ ወጣና እሱ ከቆረሰበት ቆረሰች። ማኘኩ አቃታት፤ ደግማ ሞከረች፤ ዋጠች።

ከዚያ አፏን ከፈተችና ምላሷን አንስታ ለአያ አላምረው አሳየችው።