የቀነዓ ክንድ

ባየሽ በአምቦ ጤና ጣቢያ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጣ ዐይኗን ከግቢው በር አልነቀለችም።

«ስንት ልጆች አሉሽ?» አለቻት ከጎኗ የተቀመጠች፣ ፋንቱ የምትባል የጉደር ሴት።

«አንድም የለኝም።»

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣሽ? እኛ እንኳ በቃን ብለን ነው!»

«እኔ ልጀምር ብዬ።»

ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ባየሽም ፈገግ አለች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

ሁለት ልጆች ሳያለቅሱ ተወልደውባታል። አማቷ አዴ ጉዴ «ሾተላይ አለባት» ብለው ፈርደው፣ ለልጃቸው ከእንጭኒ ሌላ ሴት እያፈላለጉ ነው። የክፍሉ ነርስ ሲስተር መንበረ ግን ባለፈው ሳምንት፣ «ሾተላይ ከምትሉት ውስጥ በደም ውስጥ የሚደበቅ በሽታ አለ» ብላታለች። «ሳታረግዢ ካገኘነው በመርፌ ይድናል። ግን የባልሽም ደም ይታይ፤ አንቺ ብቻ ብትታከሚ መልሶ ይይዝሻል።»

ባሏ ቀነዓ ባለጋሪ ነው። ስትነግረው ተቆጣ። «ልጅ እየፈለግን፣ ልጅ ወደሚያስቆሙበት ቤት? ደግሞ በቀጠሮው ቀን የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ።»

ባየሽ መከራከር አትወድም። «ሁለቱንም የቀበርካቸው አንተ ነህ» አለችው። «ሦስተኛ እንዳትቀብር ብዬ ነው።»

ረፋድ ላይ የጋሪው ፈረስ ቃጭል ተሰማ። ቀነዓ ጅራፉን እንደያዘ የግቢው በር ላይ ተገተረ።

«ና ግባ፣ ኦቦ! አንተም ክኒን ልትወስድ ነው?» አለች ፋንቱ።

ሴቶቹ ሲስቁ ፊቱ ቀላ፤ ዞሮ ወጣ። ባየሽ አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ግን ፈረሱን ዛፍ ላይ አስሮ ሲመለስ አየችው። መጥቶ ከአጠገቧ ተቀመጠና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«መርፌው ትልቅ ነው?»

ኩራት ብቻ የመሰላት እምቢታው ለካ ፍርሃትም ነበረበት።

«ትንሽ ነው። እኔንም ዛሬ ጠዋት ወግቶኛል» አለችው።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ቀነዓ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠ።

«የሁለታችሁም ውጤት በሳምንት ይደርሳል» አለች ሲስተር መንበረ። «ሕክምና ካስፈለገ ሁለታችሁም እስክትጨርሱ እርግዝና የለም።» ባየሽም ክኒን ይዛ ወጣች።

«ይኸው፣ ከእኛ ተቀላቀልሽ!» አለች ፋንቱ።

ቀነዓ ጋሪው ላይ ከጎኑ አስቀመጣትና ፈረሱን ወደ እናቱ ሰፈር አዞረ።

«የእንጭኒዋ ሴት ነገር ይቅር» አለ። «እማዬን እኔ እነግራታለሁ፤ አንቺ ልጓሙን ያዥልኝ።»