የበግ መድኃኒት ለበሬ

የአያ ገበያው በሬ ዳምጠው ደሃና ላይ ሲያገሳ ሩቁ ኒሯቅ ላይ ገብስ ይረግፋል፤ የሚጠራጠር ወጥቶ ይጠይቅ። የይታየሽ ቦራ ግን ዝምተኛ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት በሬ እሱ ብቻ ስለሆነ ከዳምጠው ጋር ይቀናጃል፤ ገበያውም የሁለቱንም ማሳ ያርሳል። ቦራ ከወደቀ ልጆቿ የሚቀምሱት ገብስ የለም።

የከብቱን ገላ በእባጭ የሚሞላው ጉርብርብ ወደ መንደሩ ሲቃረብ፣ የእንስሳት ሐኪሙ በእውቀቱ ክትባት ይዞ ከአምደወርቅ መጣ። ገበያው ብልቃጡን አገላብጦ አየው።

«ይሄማ የበግ ፈንጣጣ መድኃኒት ነው።»

«አዎ፣ አያ ገበያው።»

«ዳምጠውን በግ ልታደርግልኝ? የዶሮውንስ ምነው ረሳኸው?»

ደሃና በሳቅ ተናወጠ። ይታየሽ አልሳቀችም። «እስቲ ለእኔ አስረዳኝ፣ ልጄ።»

«ደም ያለበት ሰው የባላንጣውን ታናሽ ወንድም መልክ ካጠና፣ ታላቁ ሲመጣም አይስተውም። የበግ ፈንጣጣና ጉርብርብ ወንድማማች ቫይረሶች ናቸው። የተዳከመውን የበጉን ቫይረስ ስንወጋው፣ የቦራ ገላ መልኩን ያጠናል። ፍጹም ነው አልልዎትም፤ ግን ይከላከላል። ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።»

ገበያው ዳምጠውን እየነዳ ሄደ፤ ይታየሽ ግን የቦራን ቀንድ ራሷ ይዛ አስወጋችው። የተወጋው ቦታ ሲያብጥ ገበያው፣ «ይኸው፣ በሽታውን በእጅሽ ጠራሽው» አላት። ጠዋት ጠዋት የቦራን አንገት እየዳበሰች ጠበቀች፤ እብጠቱም ሟሸሸ።

ወሩ ሳያልቅ ዳምጠው ታመመ። ያ ተራራ የሚያህል ገላ በእባጭ ተሸፈነ፣ እህል ውኃ እምቢ አለ፣ ወድቆም ሞተ። ከእሱ የተነሳው ዝንብ ሁሉ ቦራ ላይ ሲያርፍ ከርሟል። ይታየሽ ከጆሮው እስከ ጭራው ዳበሰችው። ቆዳው ለስላሳ ነበር።

በሬ የሞተበት ሰው ከመቀናጆው ይወጣል፤ ደንቡ ነው። በሬውን አስከትቦ የነበረው ሽማግሌው ምንይሉ፣ «ጉልበቴ ከድቶኛል እንጂ በሬዬስ ደህና ነው፤ ከቦራ ጋር አጣምጂው» አላት። ይታየሽ በማግስቱ ጅራፉን ይዛ ገበያው ደጅ ቆመች።

«በሬ ባይኖርህ እጅ አለህ፣ አያ ገበያው። የእኔንና የምንይሉን ማሳ ስትጨርስ በበሬዎቻችን ያንተን ታርሳለህ።»

በዳምጠው ግሳት ይኩራራ የነበረው ገበያው ጅራፉን ተቀብሎ የሰው በሬ ጠመደ። ሲያርስ አረፈደ። ከትልሙ ጫፍ በሬዎቹን ሲያዞር ቆም አለ።

«ያ ሐኪም መቼ ነው የሚመለስ? አንዲት ላም ቀርታኛለች።»

«የሚያመጣው የበጉን ነው» አለችው ይታየሽ ከማሳው ዳር።

«ያምጣ» አለና እርፉን ጨበጠ።