ሳይደመጥ የወጣው ተረት

ከአንደበት አስቀድሞ የልብን ሐሳብ የሚያውቅ፣ ለነገር ሁሉ ጊዜን የወሰነ አምላክ ይህንንም ያውቀዋል። እኛ የምንተርከው እርሱ ያየውን ነው።

የልጆች ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆነች አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ መጻሕፍት መደርደር ብቻ አልነበረም፤ ለሕፃናትና ለወጣቶች የሚሆን ንባብ ከኢንተርኔት እየፈለገች፣ ስንዴውን ከእንክርዳዱ እየለየች በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ታኖር ነበር። አንድም ተረት እስከ መጨረሻው ሳታነበው ወይም ሳታዳምጠው አታወጣም። ዘበኛው «እርስዎ እኮ ጥንቸልና ቀበሮንም መታወቂያ ይጠይቃሉ» እያለ ያሾፍባት ነበር።

አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለና የጠራ ስለ ነበረ፣ ገና ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ተረት እንዲቀዱላት ለመነቻቸው። እርሳቸውም በመጻሕፍቱ መጋዘን፣ በካርቶኖች መካከል፣ ጩኸት እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎላቸው፣ ስልኩን ፊት ለፊት አቁመው ያነቡ ጀመር።

ከዕለታት በአንዱ የደረሳቸው የአንዲት ትንሽ ጥንቸል ተረት ነበር። ጥንቸሊቱ የእናቷን ቅርጫት ወንዝ ይወስድባታል፤ ፈርታም ትደበቃለች። በመጨረሻ እናቷ ፈልጋ ታገኛትና «ቅርጫት ሌላ ይሠፋል፤ ሌላ አንቺ ግን ከየት ትመጣለች?» ብላ ታቅፋታለች። መምህሩ ይህን ሲያዩ ቅር አላቸው። ያለ ተግሣጽ የታለፈ ጥፋት ለልጅ ምን ያስተምራል? በማስተማር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከንባብ በኋላ ምክር ማከል ልማዳቸው ነበር። ስለዚህ የመጨረሻውን ገጽ ተዉትና ከልባቸው አፍልቀው፣ እናቲቱ በሩን እንደ ቀረቀረች፣ ጥንቸሊቱም ብትጠራ ብትጠራ የሚከፍትላት እንዳጣች አድርገው ጨረሱት። ልጃቸው ግን የአባቷ ድምፅ ነውና አላዳመጠችውም፤ እንዳለ አወጣችው።

ያን ተረት ከሁሉ አብልጣ የምትሰማው የገዛ የልጅ ልጃቸው፣ የኃላፊዋ ትንሽ ልጅ ነበረች። ከቤቱ ሰው ሁሉ እርሳቸውን «አንተ» ለማለት የምትደፍር እርሷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ይህች ልጅ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች። እናቷ በየጓደኞቿ ቤት ዞረች፤ አያቷም መንገዱን ተከትለው በየሱቁ ጠየቁ። ሊመሽ ሲል ከሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ አሮጌ የቀለም ባልዲዎች ከተከማቹበት ጥግ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ አገኟት። አጠገቧ ተረት የምትሰማበት፣ ከእጇ ወድቆ መስታወቱ የተሰነጠቀ የቤተ መጻሕፍቱ ታብሌት ነበር።

«ነይ የኔ ልጅ፣ እናትሽ በጭንቀት አለቀች» አሏት።

«አልመጣም። በሩን ትዘጉብኛላችሁ።»

«ይህን ማን አለሽ?»

«አንተ ነህ እኮ ያልከው፣ አባባ። ብትጠራም አልከፈቱላትም አልክ።»

መምህሩ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሏት። «መጽሐፉ እንዲህ አይልም። እናቷ ፈልጋ አግኝታ አቅፋታለች።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«ልጆች ጥፋት እንዲፈሩ ብዬ።»

ሕፃኒቱ «እኔ እናንተን ነው የፈራሁት» አለችና እጇን ሰጠቻቸው።

ቤት ገብተው ሕፃኒቱ ከእናቷ እቅፍ ከገባች በኋላ፣ መምህሩ ያደረጉትን ሁሉ ለልጃቸው ነገሯት። ልትወቅሳቸው ይገባት ነበር፤ እርሷ ግን ከባዕድ የመጣውን ሁሉ ስትፈትሽ ከገዛ ቤቷ የወጣውን ሳትፈትሽ መቅረቷን ተናግራ አለቀሰች። ይህ ከወቀሳ ይልቅ አንገታቸውን አስደፋቸው። ወዲያው ቅጂውን ከድረ ገጹ አነሣችው። መምህሩ ፈጽሞ ጠፍቶ እንደ ሆነ ሲጠይቋት፣ በየስልካቸው ያወረዱት ሰዎች ዘንድ እንደሚኖር ነገረቻቸው።

«እነማን ናቸው?»

«አናውቃቸውም፣ አባዬ።»

ያን ምሽት እህል አልቀመሱም።

በማግሥቱ ወደ መጋዘኑ ተመለሱ። ልጃቸው ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስልኩን ከፈተችላቸው። አስቀድመው «ልጆች፣ የዚህን ተረት መጨረሻ ከዚህ በፊት ከራሴ ፈጥሬ ነግሬአችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ፤ እውነተኛው ይኸው» አሉና አነበቡ። ከእናቲቱ ቃል ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ልጃቸው ያን ቦታ እንደገና ይቅዱት እንደ ሆነ ብትጠይቃቸው «ተዪው፣ ይስሙት» አሉ።

የፊተኛውን የሰሙ ልጆች የኋለኛውን ይስሙ አይስሙ የሚነግራቸው የለም። ዛሬም መምህሩ በመንገድ ሲሄዱ ለብቻው የቆመ ሕፃን ካዩ፣ ቤቱ የት እንደ ሆነና ለምን እንዳልገባ ሳይጠይቁ አያልፉም።

ይህን ለምታነብቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁን በጥበብና በሞገስ ያሳድግላችሁ፤ ለሚያነብላቸውም ምሕረትን የለመደ አንደበት ይስጠው። አሜን።