ከእህት ቤት የመጣ መከስከሻ

«ጓሉን አንሳና ከትከሻህ ልክ ልቀቀው» ነበር አባቱ ያሉት። ይህችኛዋን ቃል ናዛር ሲንግ በደንብ ያስታውሳታል። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነበር። ወባ ይዞት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቁርቁራ ሥር በጠፍር አልጋ ላይ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። አባቱና አናጢው ዋሳካ ሲንግ ከራስጌው ተቀምጠው ያወጋሉ። ዋሳካ ሲንግ አዲሱን ሳንቃ ጠርቦ ያመጣበት ቀን ነው፤ መሬቱ ከተከሰከሰ በኋላ እላዩ ላይ የሚጎተተውን፣ ጓል የሚሰብረውንና አፈሩን የሚደለድለውን ወፍራም ሳንቃ።

«ከተበተነ ግባበት» አሉ አባቱ። «ብረቱ በሩን ይከፍታል። እንጨቱ እግር በእግር ተከትሎ ካልዘጋው ግን ውሃህ ወጥቶ ይሄዳል።»

«ካልተበተነስ?» አሉ አናጢው።

«ካልተበተነማ…»

እዚህ ላይ ትኩሳቱ ይዞት ሄደ። ሲነቃ አናጢው የሉም፤ ሳንቃው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በሌላ ቀን አባቱን ቢጠይቃቸው፣ «እኔ ምንም አላልኩ፤ ወባው ነው ያቃዠህ» ብለው አሰናበቱት። ናዛርም ተወው። አባቱ እስካሉ ድረስ የቀረችው ግማሽ ቃል አታስፈልገውም ነበር። ጓሉን የሚጥሉትም የሚወስኑትም እሳቸው ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው በጋ ግን አባቱ አረፉ፤ ይኸው የዘንድሮው ዘር ያለ እሳቸው የሚዘራ የመጀመሪያው ዘር ሆነ።

አሥር ኪላ፣ አራት ሄክታር ያህል፣ መሬት አላቸው፤ የናዛርና የታላቅ ወንድሙ የሳርዋን ነው፣ አልተከፋፈሉትም። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ስለሆነ ስንዴያቸው የሚበቅለው በቦዩ ውሃ ብቻ ነው። የቦዩ ተራ ደርሷቸው፣ የጥጡን አገዳ ነቅለው መሬቱን አጠጥተዋል። ከዚያ በኋላ ቦዩ ለጠረጋ ተዘጋ፤ ለሃያ አንድ ቀን ጠብታ የለም። ስለዚህ አፈሩ የያዛት እርጥበት የዓመቱ እንጀራቸው ናት። ለሦስት ቀን ልኳ ላይ ትቆያለች። በሦስቱ ቀን ዘሩ ካልገባ፣ ቦዩን ጠብቆ ዘግይቶ በማግሃር ወር ማብቂያ፣ ብርዱ ከገባ በኋላ የሚዘራው ስንዴ ለቤተሰብም ለጎሽም አይበቃም።

ናዛር በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። ታጠበ፤ ማንም ሳያስተምረው ፊደል በፊደል እየለቀመ ያጠናውን የንጋት ጸሎት በለሆሳስ ደገመና ወደ እርሻው ወረደ። ከላይ አንድ ጓል አንሥቶ ከትከሻው ልክ ለቀቀው። ጓሉ መሬት ሲነካ ፈራረሰ። «ዋሄጉሩ ጌታዬ፣ ተመስገን» አለና ትራክተሩን ሊያመጣ ወደ ቤት ገሰገሰ።

ትራክተሩ የለም። ሳርዋን ትናንት ማታ «ጉዳይ አለኝ» ብሎ ይዞት ወጥቶ ቤት አላደረም። ናዛር ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ወጣች። ሻይ ጠጣ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሁለተኛ ሻይ ጠጣ። ሦስተኛው ሲቀርብለት ትራክተሩ እየጮኸ፣ ከኋላውም አንድ የሚያንኳኳ ነገር እየጎተተ በበሩ ገባ። ባለ ዲስክ መከስከሻ ነው፤ ዲስኩ እንደ ትሪ የሰፋ፣ ክብደቱ የግቢውን መሬት የሚያርስ።

«እየው!» አለ ሳርዋን ገና ሳይወርድ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲወርድ ትራክተሩ እፎይ ይላል። «ቁጠረው! አሥራ አራት ዲስክ ነው! በዚህ ሁሉ አገር ሁለት ብቻ ነው ያለው።»

«ጋሼ፣ ከየት አመጣኸው?»

«ከጃግሲር።»

ናዛር ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ጃግሲር የታናሽ እህታቸው የሚንዶ ባል ነው።

የምትታለበው ጎሽ በታሰረችበት ጥግ የናዛር ሚስት ቴጅ ኮር ማለቧን አቆመች። ከባሏ ታላቅ ወንድም ጋር ፊት ለፊት አትነጋገርም፤ ወጉ አይፈቅድላትም። የምትለው ሲኖራት ለጎሿ ትነግራታለች።

«አንቺዬ፣ ሰማሽ?» አለቻት ሻርፗን ወደ ፊቷ ስባ። «ሽማግሌው ከዳሩት ልጅ መጠቀም ነውር ነው ብለው ከልጃቸው መንደር ጉንጭ ውሃ ሳይጠጡ ነው የሞቱት። ጣሳቸውን ከዚህ ሞልተው ይሄዳሉ፣ ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። አሁን ደግሞ ከልጅቱ ቤት ብረት መጣልን። ነገ ድስቷን እናስመጣ ይሆናል።»

«ለዚያች ጎሽ ንገሪያት፣» አለ ሳርዋን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ብረት አይበላም፣ አይጠጣም።»

«ጋሼ፣ የሷን ተወው» አለ ናዛር። «መሬቱ ዛሬ ደርሷል። ላዩ ብቻ ነው የደረሰው፤ ሥሩ ገና ነው። ይሄ ብረት ሥሩን ገልብጦ ለፀሐይ ይሰጥብናል። የኛን ባለ ጥርሱን መከስከሻ አንዴ እናሳልፍበት፤ ወዲያው አንተ…»

«ያንን ማበጠሪያ? እሱ ለሴት ጸጉር ነው እንጂ ለመሬት ነው?»

«አባባ በሱ አይደል ያሳደጉን?»

«አባባ ይህን ስላላገኙ ነው!»

 ሰው ሲናገር መስማት የናዛር ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው ተናግሮ ሲያበቃ ራሱ የተናገረውን ይሰማና ያፍራል። ሳርዋን ግን ተናግሮ አያበቃም። ስለ ዲስኩ ብረት ጥራት ተናገረ፤ ስለ ጃግሲር ቸርነት ተናገረ፤ በመንገድ ላይ ቆመው ስላዩት ሰዎች አንድ በአንድ ስም እየጠራ ተናገረ። ፀሐይ እየበላቻቸው ነው፤ ሳርዋን ገና የሁለተኛውን መንደር ሰዎች እየቆጠረ ነው። በመጨረሻ፣ «በል ና፣ በዓይንህ እይ» ብሎ ትራክተሩ ላይ ወጣ።

አየ። ሳርዋን በመንገዱ በኩል ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ዲስኮቹ ሰመጡ፤ ከሥር የሰው ራስ የሚያህል፣ ጎኑ እንደ ሳሙና የሚያበራ ጥቁር ጓል እያወጡ ደረደሩ።

«አየህ ጥልቀቱን?» አለ ሳርዋን በኩራት።

«አየሁ። ጋሼ፣ እባክህ በቃህ።»

«ሁለተኛ ሲደገም ይለሰልሳል።»

«ሲደገም ሌላ እርጥብ ያወጣል። ያወጣኸው እስከ ማታ ሸክላ ይሆናል። በፈጠረህ፣ ውረድ።»

ሳርዋን ወረደ። ቁልፉን ግን ነቅሎ ጥምጣሙ እጥፋት ውስጥ ከተተው። ይህን ሲያደርግ ነገር እንዳለ ናዛር ያውቃል፤ ልጅ ሆነውም የነጠቀውን ብይ እዚያው ነበር የሚደብቀው። ናዛር ከአጠገቡ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ።  ከወጣው ጓል አንዱን እያገላበጠ ጠበቀው።

«እንዴት ብዬ ነው ሳልሠራበት የምመልሰው?» አለ ሳርዋን በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «የሚንዶን አማት ታውቃቸዋለህ። ዲስኩ አፈር ሳይነካ ከተመለሰ፣ ‹ወንድሞችሽ የኛን ብረት ናቁት› እያሉ ልጅቷን ዓመቱን ሙሉ ሲወጓት ይኖራሉ።»

«እሺ፣ ታዲያ መጀመሪያ ስትጠይቅ ይሄ አልታየህም?»

«እኔ አልጠየቅኩም! ቆሞ ሳየው ጊዜ ‹ማለፊያ ነው› አልኩ። ጃግሲር ‹ውሰደው› አለ። አልወስድም ልበለው?»

«አዎ!» አለ ናዛር። ከድምፁ ብዛት ራሱም ደነገጠ። «አዎ ጋሼ፣ አልወስድም ይባላል! አባባ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሉት የኖሩት እሱን ነው!»

ሳርዋን ተነሥቶ ሄደ፤ ቁልፉም አብሮት ሄደ። ናዛር ሦስት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄዶ ለመነው። በመጀመሪያው ተኝቷል ተባለ። በሁለተኛው እየበላ ነው ተባለ። በሦስተኛው ራሱ ሳርዋን ከውስጥ፣ «ተኝቷል በሉት!» ሲል ተሰማ። አንዱ ቀን እንዲህ ሆኖ ተቃጠለ። ናዛር የዚያን ምሽት ጸሎቱን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ከመሃል ጠፋው። በሦስተኛው፣ «ጌታዬ፣ ትዕግሥት ስጠኝ አልልህም፤ ሰጥተኸኛል፤ ለሱ ልብ ስጠው» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ወንድማማቾቹ እርሻው ዳር ቆመው ነበር። ትናንት የወጣው ጓል ነጥቶ ደርቋል። ሳርዋን በእግሩ ቢመታው ጣቱን አመመውና በአንድ እግሩ እየዘለለ ጓሉን ሰደበው። የቀረው መሬት ላዩ ገና ደግ ነው፤ ግን ዳር ዳሩ መንጣት ጀምሯል። ዛሬና ነገ ብቻ ቀርተዋል።

«እንግዲህ ሁለተኛ ልድገመው» አለ ሳርዋን።

ናዛር ሊመልስ አፉን ሲከፍት አውቶቡስ መንገዱ ላይ ቆመ። ሚንዶ ወረደች። አልሳቀችም፣ ወንድሞቿን አላቀፈችም። የአውቶቡሱን አቧራ እንደለበሰች እርሻውን አቋርጣ መጣች።

«የት አለ?» አለች።

«ምኑ?» አለ ሳርዋን።

«ብረቱ ነዋ! ጋሼ ሳርዋን፣ ማን ና ውሰድ አለህ? ትናንት ማለዳ ከበራችን ከወጣህ ጀምሮ አማቴ አፋቸውን አልዘጉም። ‹የአባትሽ አመድ ሳይቀዘቅዝ ወንድሞችሽ ከኛ ቤት መብላት ጀመሩ› እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ነገሩ። አባባ ጣሳ ተሸክመው ያቆዩልኝን አንገት በአንድ ቀን ሰበርከው!»

«እኔ ደግሞ ሳልሠራበት ብመልሰው ይሰድቡሻል ብዬ…»

«ቆሽሾ ተመለሰ ጸድቶ ተመለሰ ማን ዲስኩን ይልስልሃል? ብቻ ይመለስ!»

ሳርዋን ወደ ናዛር አየ። ናዛር ወደ ሰማይ አየ። አንድ ሙሉ ቀን፣ ከሦስቱ አንዱ ቀን፣ ለዚህ ነበር የሄደው። ጎንበስ ብሎ ዲስኩ ከከፈተው ትልም ሥር እጁን ሰደደና ቀዝቃዛ እርጥብ ጓል አወጣ። ከትከሻው ልክ ለቀቀው። ጓሉ ጧ ብሎ እንደ ሊጥ ተጋደመ።

«ካልተበተነማ…» አለ ለራሱ፣ የአባቱን ቃል አስታውሶ።

«ካልተበተነማ ሄደህ ተኛ!» አለች ሚንዶ ሳታስብበት።

ናዛር ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«አባባ ነዋ። ለአናጢው፣ ለዋሳካ ሲንግ። አሬራ ያመጣሁላቸው እኔ አይደለሁም እንዴ? ‹ካልተበተነማ ሄደህ ተኛ› ሲሏቸው ሰውየው አሬራው በአፍንጫቸው እስኪወጣ ሳቁ። አንተ አጠገባቸው ትቃዥ ነበር።»

«ሃያ ስምንት ዓመት!» አለ ናዛር። «አንቺ ልጅ፣ ሃያ ስምንት ዓመት!»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አልጠየቃትም። ለሰው ሁሉ ጆሮ ሲሰጥ የኖረ ሰው፣ አሬራ ያመጣችውን ልጅ ለመጠየቅ አንድ ቀን አላሰበም። አሁን ከላይ ሌላ ጓል አንሥቶ ለቀቀ፤ ተበተነ።

«ጋሼ፣ እይልኝ» አለ። «ላዩ ይበተናል፣ ሥሩ አይበተንም። ስለዚህ ሥር የሚገባው ብረት ይተኛ። ላዩን የሚነካው ባለ ጥርሱ ይግባበት። ሳንቃው በዚያችው ሰዓት ይዝጋው። ዛሬ ሰባት ኪላ እንዘጋለን፣ ነገ ሦስቱን ጨርሰን ዘሩን እናስገባለን።»

ሳርዋን ሁለቱንም ጓሎች ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ጥምጣሙን ዳሰሰ። «ብረቱን የመሬቱ ሥራ እንዳለቀ ራሴ እመልሳለሁ።»

«ጣሳህን ውሃ ሞልተህ» አለች ሚንዶ።

«ጣሳዬን ውሃ ሞልቼ። እሺ። ሌላ ምን ቀረ?»

የቀረው ከሁሉ የከበደው ነበር። ሳንቃው ብቻውን በጓል ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው ሊቆምበት ይገባል። አባባ ቆመውበት ይጎተቱ ነበር። ናዛር መንዳት አለበት፤ ቢቆምም እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ነው። ናዛርና ሚንዶ የሳርዋንን ሆድ አዩ።

«አይሆንም» አለ ሳርዋን። «እኔ ነኝ በሳንቃ የምጎተተው? ትናንት አሥራ አራት ዲስክ ይዞ ሲያልፍ ያዩት ሰው፣ ዛሬ እንደ ጆንያ…»

«አባባ ጆንያ ነበሩ?» አለች ሚንዶ።

«አባባ ቀጭን ነበሩ!»

«ለዚህ ነዋ እኔን አዝለው ይቆሙ የነበረው። አንተ ማንንም ማዘል አያስፈልግህም።»

ናዛር አልሳቀም፤ ከንፈሩን ነክሶ መሬቱን አየ። ፀሐይዋ የድንበሩን ቁጥቋጦ አልፋ ወጥታለች፤ የነጣው ዳር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሳርዋንም አየው። ጣቱን ያመመውን እግር አነሣ፣ አስቀመጠ። የአንዱን እግር ጫማ አወለቀ፣ ደግሞ አሰበበት፣ ሁለተኛውን አወለቀ።

«ከመንገዱ ራቅ ካለው ጫፍ ነው የምንጀምረው» አለ።

«እሺ ጋሼ።»

«አውቶቡስ ሲያልፍ ታቆማለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ዞረህ ደግሞ እንዳታየኝ። አንዴም!»

ሳንቃ የሚጎትት ሰው በየአሥር እርምጃው ወደ ኋላ ካልዞረ መስመሩ ይጣመምበታል። ናዛር ይህን አልነገረውም።

«እሺ ጋሼ» አለ።

ሳርዋን ቁልፉን ከጥምጣሙ አውጥቶ በወንድሙ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «በል እቆምበታለሁ» አለ። «የምይዘው ገመድ ግን ጠንካራ ይሁን።»