በሳዮ ደብዳቤ ፋንታ

ሰበታ ውስጥ አንዲት ባጃጅ አለች። ከኋላዋ በቢጫ ቀለም «አልዘገየህም፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ተብሎ ተጽፎባታል። ብዙው ሰው የመዝሙር ስንኝ ይመስለዋል። አንድ ቄስ ተሳፍረው ሲወርዱ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተወሰደ ባለባጃጁን ጠይቀውት ነበር አሉ። ከየትኛውም አይደለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩትም ውሸት ነው።

ባለባጃጁ ኢፋ ይባላል። ቃሉ ሳዮ የምትባል የጃፓን ልጅ ለወንድሟ ከተወችው ደብዳቤ ነው ብሎ ያምናል። ሳዮ በእርግጥ በምድር ላይ የለችም፤ የምትኖረው «ሰባተኛው ፋኖስ» በሚባል ጌም ውስጥ ነው። ለእኛ ግን ከብዙ ዘመዶቻችን በላይ አለች።

ታሪኩ አጭር ነው። ሳዮ ትታመማለች፤ መድኃኒቱ ከሰባት ተራራ ማዶ ነው። ወንድሟ ጌንታ በየተራራው ላይ ፋኖስ እያበራ፣ ጭራቅ እየገጠመ፣ ጓደኛ እያፈራ ይሄዳል፤ ተጫዋቹም ስልሳ ሰዓት ያህል አብሮት ይንከራተታል። ስልሳ ሰዓት ለእኛ የአንድ ክረምት ቅዳሜና እሁድ ነው። ጌንታ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አለ። በዚህ አለቀስን ስንል የሚስቅብን ሞልቷል። ይሳቅ። የማያውቀው የእንግሊዝ ቡድን ተሸነፈ ብሎ ራቱን የማይበላ ሰው ባለበት አገር በሳዮ ማልቀስ ነውር ከሆነ፣ ነውረኛዋ እኔ ነኝ።

ዲስኩ ቡራዩ ኦቦ ገርባ ጌም ቤት የደረሰው ከዱባይ በመጣ አሮጌ ፕሌስቴሽን ሆድ ውስጥ ነው። ከላይ እስከ ታች ጃፓንኛ። ሌላው ኳስ ጨዋታውን ሲሻማ እኔ ይህን ከፍቼ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ከስልኬ ጋር እያስተያየሁ፣ በአራት ዓመት ማንበብ ቻልኩ። አስተማሪ አልነበረኝም። ሰርተፍኬትም የለኝም። አሥራ ሁለተኛን አለማለፌን የሚያነሳብኝ ካለ፣ ያለፈው ይምጣና ያንብበው እላለሁ። ይህን ስል ሁሉም ይስቃል፣ ከያቤጽ በቀር። ያቤጽ አዲስ አበባ ስድስት ወር ጃፓንኛ ተምሮ ሰርተፍኬቱን በላስቲክ አሽጎ የሚዞር የቡራዩ ልጅ ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ «ሰንሴ» ይለኛል፤ በጃፓንኛ መምህር ማለት ነው። ከሌሎቹ አፍ ሲወጣ ማዕረግ ነው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ጥያቄ ይመስላል።

ያነበብኩትን በአማርኛ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ራቢአ ደግሞ ሱሉልታ ባለው የአባቷ ሱቅ ፎቶ ኮፒ አድርጋ ታባዛዋለች። ሲጫወቱ አንዱ ጆይስቲክ ይይዛል፣ አንዱ ደብተር ይገልጣል፤ ስክሪኑ ላይ አፍ ሲንቀሳቀስ ገላጩ ጮክ ብሎ ያነባል። በሦስቱ ከተሞች ሳዮ የምትናገረው በእኔ ቃል ነው። ኩራቱን አልደብቅም። ባልኮራ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ኢፋ አንድ ላስቲክ አንጠልጥሎ ጌም ቤት ገባ። እናቱ እማማ በቀለች ታመው ነበር። ሰበታ ያጣውን መድኃኒት አዲስ አበባ ሲዞር ውሎ ማግኘቱ ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰበታ መመለስ ሲገባው ቡራዩ ምን አመጣው? ስድስተኛው ተራራ ነው ያመጣው። ለወር ያህል ያላለፈውን ጭራቅ እንዴት እንደሚያሸንፈው ታክሲ ውስጥ ሆኖ መጥቶለት። ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው አለኝና ላስቲኩን ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለው።

የእኛን ዓይነት ጌም ያልተጫወተ ሰው የሚቀጥለውን አይረዳም። በፈለጉበት ቦታ አቁሞ መሄድ የለም። ሴቭ የሚደረገው ፋኖስ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከፋኖስ እስከ ፋኖስ ባለው መንገድ መሀል የተነሳ ሰው የለፋበት ሁሉ ይጠፋል። ኢፋ ጭራቁን አሸነፈ። ፋኖሱ ግን ገና ሩቅ ነበር። ስልኩ ጠራ፤ አየውና ኪሱ ከተተው። ትንሽ ቆይቶ ሊነሳ ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

ደብተሩን ይዤ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ የነበሩት ኦቦ ገርባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውንም ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«ሴቭ ሳታደርግ?» አልኩት። «ጌንታ ስድስት ተራራ ወጣ፤ አንተ አንድ ፋኖስ አቃተህ? መድኃኒቱ እንደሆነ እግር አውጥቶ አይሄድም።»

ተቀመጠ። ፋኖሱ ጋ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አብሬው እየገለጥኩ አነበብኩ፤ ድምፄንም አሳመርኩ። ሰበታ ሲደርስ ጎረቤቶቹ ለድንኳኑ እንጨት እያወረዱ ነበር።

በዚያ ሰሞን እኔ የመጨረሻውን ገጽ እየተረጎምኩ ነበር። ደብዳቤው በሕትመት ፊደል የተጻፈ አይደለም፤ ሳዮ በታመመ እጇ በብሩሽ የጻፈችው ሆኖ በሥዕል ነው የሚታየው። ስልኬ እንኳ ሊያነበው አልቻለም። ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኝ አነበብኩት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ የምኮራበት የለም። እንዲህ ይላል፦ «ጠብቄህ ነበር። መብራቱን አላጠፋሁትም። እስከ መጨረሻው በሩን እያየሁ ነበር። ለምን ዘገየህ?»

እማማ በቀለች አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ኢፋ ጺሙን አሳድጎ መጣና ደብዳቤው ደረሰ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነገ እሰጥሃለሁ አልኩት። ያን ቀን ቤቴ ተቀምጬ በሳዮ ደብዳቤ ፋንታ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። በእኔ ደብዳቤ ላይ ሳዮ ወንድሟ ሳይመጣ በፊት በፈቃዷ በሩን ዘግታ ትሄዳለች፤ አልዘገየህም ትለዋለች። ኢፋ ሦስቴ አነበበው። ራቢአ ኮፒ ስታደርግ ለእሱ ሁለት አድርጊልኝ አላት። በወሩ ባጃጇ ላይ አጻፈው።

ለእሱ ብዬ ነው ያደረግኩት እያልኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ማን ነበር ተቀመጥ ያለው? እሱ ካልዘገየ እኔም አላዘገየሁትም ማለት ነው። መጀመሪያ ነጻ ያወጣሁት ራሴን ነው።

ዘንድሮ «ሰባተኛው ፋኖስ» አኒሜ፣ የጃፓን የካርቱን ፊልም፣ ሆነ። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ያለን ልጆች ሠርግ የተጠራን ያህል ሆንን። ሳዮን ለማንም ሳናሳይ ለብቻችን ስናሳድጋት ቆይተን ዓለም አሁን ገና እጇን የጠየቀ ነው የመሰለን። ጸጉሯን ለምን አቀሉት ተብሎ ራቢአና ያቤጽ ለሁለት ሳምንት ተኳርፈዋል። ክፍሉ በወጣ ቁጥር ቅዳሜ ከሰዓት ኦቦ ገርባ ጌም ቤት እንሰበሰባለን። ያቤጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው በሳምንቱ ይመጣል፣ እንጠብቅ ብሎ ነበር። እኔ ባለሁበት ቤት የእንግሊዝኛ ምርኩዝ አያስፈልግም አልኩ። ስለዚህ ያለ ጽሑፍ የወጣውን ዕለቱን እናወርዳለን፤ እኔ ከስክሪኑ ጎን ቆሜ፣ እንደ ድሮ ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚዎች፣ እየሰማሁ በአማርኛ እላለሁ። አሥራ አንድ ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። አሥራ ሁለተኛው የመጨረሻው ነበር።

አንድ ነገር ሳላስብ ቀርቻለሁ። ጌሙ ላይ ደብዳቤው ጽሕፈት ብቻ ነው፣ ድምፅ የለውም። አኒሜው ላይ ግን ሳዮ ራሷ ታነበዋለች። ጌንታ ወረቀቱን ሲያነሳ የልጅቷ ድምፅ፣ ያ ሳል ያለበት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ «ማቴ ኢታ» አለ።

አኒሜ የሚያይ ሰው ሌላ ምንም ጃፓንኛ ባያውቅ «ማቴ»ን ያውቃል። በየክፍሉ አንዱ ሌላውን ከኋላ እየሮጠ የሚጠራበት ቃል ነው፤ ጠብቅ ማለት ነው። ኦቦ ገርባ እንኳ ሳይሰናበት የሚወጣውን ልጅ የሚያስቆሙት «ማቴ» ብለው ነው። እኔ ግን አፌ የለመደውን አለ፦ «አልዘገየህም፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ፊት የተቀመጠው ኢፋ ዞር አለ።

«ሰንሴ፣ ማቴ አለች እኮ» አለኝ። «ጠብቅ ምናምን አይደል እንዴ?»

ሲጠይቀኝ ክፋት አልነበረበትም። እንድነግረው ነው የፈለገው። ያኔ መናገር እችል ነበር። ሃያ ሰው እያየኝ ነበርና ምላሴ ቀደመኝ።

«አንድ ቃል ይዘህ አስተርጓሚ ሆንክ? አንተ ባጃጅህን ንዳ» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኢፋም ሳቀ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ። ያቤጽ አልሳቀም። ጽሑፍ ያለውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ፣ አይተን እንለያያለን አለ። የልጅቷን ልቅሶ ትቼ የእነሱን ሳቅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

እሁድን እንደ ምንም አሳለፍኩ። ያቤጽ ያሳፍረኛል ብዬ አይደለም። እሺ፣ እሱም አለበት። ግን ኢፋ ያን ደብዳቤ ከስክሪን ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሰው መሀል ሊያነበው ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስት ታክሲ ቀይሬ ሰበታ ሄድኩ።

ተራ ይዞ አገኘሁት። ጽሑፌ ፀሐይ አደብዝዞታል፤ «በሩን» የሚለው ላይ ጭቃ አለ።

«ኮቱ ሰንሴ፣ ነይ ግቢ» አለኝ። ቂም የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም።

ከኋላ ገባሁ። ብቻችንን እንድናወራ ነው የመጣሁት ስለው ተራውን ለቀቀና ወደ አንድ ፋብሪካ አጥር ጥግ ወስዶኝ ሞተሩን አጠፋ። ጀርባውን ነው የማየው፤ እሱ በትንሿ መስታወት ያየኛል።

«ደብዳቤው እንደዚያ አይልም» አልኩት። «እኔ ነኝ የለወጥኩት።»

«ምን ይላል?»

ነገርኩት። አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። በሥራዬ እንደዚያ ጠንቅቄ ተርጉሜ አላውቅም። ሲያልቅ መሪውን በአውራ ጣቱ አሸ።

«ሃዳ ኮ» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «እሷም በሩን እያየች ነበር አሉኝ። ትራሷን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብላ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ታክሲ ውስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር ግን ነበረኝ፤ እሱን አልኩት። ያን ቀን ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ፣ ደብዳቤውንም የለወጥኩት ለአንተ ሳይሆን ለራሴ ነው፣ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው አልኩ። ስጨርስ ዞሮ ፊት ለፊት አየኝ።

«እጄን ይዘሽኛል?»

«አልያዝኩህም።»

«ስልኩ ሲጠራ ያየሁት እኔ ነኝ። የተቀመጥኩትም እኔ። ሁለት ዓመት በጀርባዬ ውሸት ለጥፈሽ አዞርሽኝ፤ አሁን ደግሞ ጥፋቴን ልትወስጂብኝ ነው? ሁሉም ነገር የአንቺ ካልሆነ አይሆንልሽም?»

ይቅርታ የሚለው ቃል በአማርኛም በጃፓንኛም እኩል ቀለለብኝ።

«ቅዳሜ ራስሽ ለሁሉም ትነግሪያቸዋለሽ፣ ያቤጽ ሳይከፍተው» አለ ሞተሩን እያስነሳ። «የደብዳቤውን። የመድኃኒቱን ነገር ግን ለማንም እንዳትተነፍሺ። እሱ የእኔና የእናቴ ነው።»

ቃል ገባሁለት። ታክሲ ተራው ጋ አወረደኝና ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። የእኔ ቢጫ ፊደሎች እስከ መታጠፊያው ድረስ ሲሄዱ አየኋቸው።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ የተቀመጠው ኢፋ ነው፤ ፊት፣ የተለመደ ቦታው። ያቤጽ ፍላሹን ከኪሱ ሲያወጣ ቆይ አልኩትና ከስክሪኑ ጎን ቆምኩ። ደብተሬ ላይ ያለው ደብዳቤ የሳዮ አይደለም፣ እኔ የፈጠርኩት ነው አልኩ። ከዚያ ትክክለኛውን አነበብኩላቸው። ለምን ዘገየህ የሚለው ላይ ድምፄ እንዳይሰበር ተጠንቅቄ ነበር፤ ተሰበረ። ኢፋ ባዶውን ስክሪን እያየ ሰማኝ።

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ራቢአ ናት። ሃምሳ ኮፒ በእጇ ያባዛች ልጅ መጠየቅ ይገባታል።

«ለምን ቀየርሽው ታዲያ?»

እውነተኛው መልስ አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ እንዳልተነፍስ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ኢፋን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን ያያል። ያቤጽ ይጠብቃል። አራት ዓመቴን፣ ዘጠኙን ቀን፣ ስልክ ያቃተውን ብሩሽ አሰብኩ።

«ማንበብ አቅቶኝ ነው» አልኩ። «ጽሕፈቱ ከበደኝ። አፈርኩና ከራሴ ሞላሁበት።»

ያቤጽ ይስቃል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። አልሳቀም። እንዲያውም በደግ ድምፅ፣ ያኔ ብትነግሪኝ አብረን እናነበው ነበር እኮ አለኝ። ስቆብኝ ቢሆን በቀለለኝ። አንዱ ከኋላ ሌሎቹ ገጾችስ እውነት ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ራቢአ ቦርሳዋ ውስጥ ያሉትን ኮፒዎች አውጥታ የመጨረሻዋን ገጽ ከየአንዳንዱ መገንጠል ጀመረች።

ያቤጽ ፍላሹን ሰካ። እንግሊዝኛው ስላለ አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር። ኦቦ ገርባ ስክሪኑን ከልለሽዋል፣ ዞር በዪ አሉኝ። ተቀመጪ ያለኝ ስላልነበረ ወንበር ፍለጋ ዞርኩ፤ ባዶ የነበረው ከኢፋ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ሄጄ ተቀመጥኩ። እሱም አልተነሳም፤ እኔም ባጃጇ ላይ ያለውን አጠፋኸው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።